የኪሾር የጧት ተራ

ኖቬምበር ሃያ ሁለት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ የናባራጅ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩን አያውቀውም፤ ግን የሚኖርባት የካናዳዋ ከተማ የታንደር ቤይ ቁጥር ነው። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ሲጠብቅ የኖረው እንዲህ ያለ ጥሪ ነበር። ብርድ ልብሱን ገፎ ተነሣ፤ ጉሮሮውን ጠረገና የክፍል ተጋሪው ኪሾር ባለማመደው ድምፅ «እንደምን አደሩ፣ ናባራጅ ነኝ» አለ።

የደወለችው ሴት ግን ሥራ ልትሰጠው አልነበረም። ቦኒ እባላለሁ አለችው፤ ኪሾር የሚሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ የወጥ ቤት ኃላፊ ናት። ኪሾር አብሮህ አለ ወይ ስትል ጠየቀችው። አርፍዶ የማያውቅ ልጅ ዛሬ አልመጣም፤ ስልኩንም አያነሣም። ናባራጅ ወደ ማዶው ፍራሽ አየ። ብርድ ልብሱ ተጣጥፏል፤ ሰውየው ከወጣ ቆይቷል።

ኪሾር ወደ አውቶቡስ ማቆሚያ ሲሄድ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ላይ በረዶ ጋግሯል፤ መታጠፊያው ላይ አንዲት መኪና ተንሸራታ እግረኛ መንገዱ ድረስ ወጣችበት። ሆስፒታል ሲደርስ ነፍሱ አልነበረችም። አስከሬኑን አይቶ «አዎ፣ እሱ ነው» ያለው ናባራጅ ነው፤ በከተማው ውስጥ ከእሱ የቀረበ ሰው አልነበረውማ።

ሁለቱም የምሥራቅ ኔፓል ልጆች ናቸው፤ የተዋወቁት ግን እዚሁ፣ አንዲት የምድር ቤት ክፍል ተጋርተው ነው። ኪሾር ዩኒቨርሲቲ በመግባት በአንድ ዓመት ስለቀደመው ታላቅ ወንድም ሆነበት። ናባራጅ መጀመሪያ ያዘጋጀውን የሥራ ማመልከቻ ሲያሳየው፣ በአገሩ ልማድ የአባቱን ስም፣ ቁመቱንና ያላገባ መሆኑን ጽፎ፣ ክራቫት ያሰረበትን ፎቶ ለጥፎበት ነበር።

«አንተ ልጅ» አለው ኪሾር፣ «የምትፈልገው ሥራ ነው ሚስት?»

«ሁለቱም ቢገኝ አልጠላም።»

ኪሾር እየሳቀ እንደ ካናዳ ወግ አዲስ ጻፈለት። ናባራጅ ያንን ይዞ ከተማውን ዞረ፤ ዳቦ ቤት፣ ነዳጅ ማደያ፣ የዩኒቨርሲቲው ካፍቴሪያ። ሁሉም ፈገግ ብለው ይቀበሉታል፤ የሚደውል ግን የለም። ጃንዋሪ ላይ የሁለተኛውን መንፈቅ ካልከፈለ ምዝገባው ይሰረዛል፤ ምዝገባው ከተሰረዘ የመኖሪያ ፈቃዱም ይሄዳል። አባቱ ደግሞ ከእንግዲህ የሚልክልህ የለኝም ብለውት ነበር። ኪሾር በየሳምንቱ ስለ እሱ ቦኒን ይጠይቅለታል፤ መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሰው ሲለቅ እደውላለሁ።

የኔፓሎቹ ማኅበር ሰዎች መጡ፤ አስከሬኑ በአውሮፕላን የሚሄድበትን መንገድ ጨራርሰው፣ እሱንም ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርገው ሄዱ። ናባራጅ ጨው ተወ። በአገሩ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ አሥራ ሦስት ቀን ጨው አይቀምስም። እናቱ በስልክ ሥጋህ አይደለም፣ ደንቡ አንተን አይዝህም፣ ጨውህን ብላ አሉት። እሺ አለና ምስሩን ያለ ጨው ቀቀለ። ክፍል ውስጥ አጠገቡ የምትቀመጠው ልጅ ቅዳሜና እሑድ እንዴት ነበር ስትለው፣ ጥሩ ነበር አላት። ሌላ ምን እንደሚባል አላወቀም።

በሳምንቱ ቦኒ ደወለች።

«እንዴት ብዬ እንደምለው አላውቅም» አለች። «የጧቱ ተራ ባዶ ነው። ማስታወቂያ ላወጣ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። አንተን ሳያነሣልኝ የዋለበት ሳምንት የለም። ከከበደህ እምቢ በለኝ፣ አልቀየምህም።»

እስከ ነገ ጊዜ ስጪኝ አላት። ስልኩን ዘግቶ የኪሾርን ፍራሽ ሲያይ ቆየ። ሦስት ወር የለመነው ሥራ ይኸው መጣ፤ የመጣበት በር ግን ይህ ሆነ። እምቢ ቢል ጃንዋሪ አለ፤ እሺ ቢል ደግሞ ይህን ፍራሽ እያየ በየጧቱ እንዴት ይወጣል? በመጨረሻ ዳራን ወደምትባለው የኪሾር ከተማ ደወለና ሐዘን ላይ ከተቀመጡት የኪሾር አባት ጋር እንዲያገናኙት ለመነ። ስልኩን በደንቡ ሐዘንተኛ ስለማይነካው፣ የኪሾር አጎት ጆሯቸው ላይ ያዙላቸው። የልጅዎን ቦታ ልውሰድ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ካልወደዱ እንደሚተወውም ነገራቸው።

ሽማግሌው «ምንድን ነበር ሥራው?» አሉ።

«ወጥ ቤት ነው፣ አባባ። የሽማግሌዎች መኖሪያ ውስጥ።»

«እኛን ቢሮ ነው የምሠራ ይለን ነበር» አሉ። «ሂድ፣ ልጄ። ግባና ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራ እንደነበር አይተህ ንገረኝ።»

ለቦኒ እሺ ብሏት በማግስቱ፣ ጨለማው ሳይገፈፍ፣ ያንኑ መንገድ በእግሩ ሄደ። መታጠፊያው ላይ ከእግረኛ መንገዱ ርቆ፣ የሰው ግቢ ውስጥ ገብቶ በበረዶው ላይ ተራመደ።

ቦኒ ሰፊ ሴት ናት፤ እጁን ጨብጣ ቶሎ አልለቀቀችውም። በዚያ ቤት አንድ ነዋሪ ሲሞት፣ በምግብ አዳራሹ በሚቀመጥበት ቦታ ነጭ ጽጌረዳ ያኖራሉ። ኪሾር ወንበር ስላልነበረው ቁርስ በሚገፋበት ጋሪ ላይ አስረውለታል። አበባው ጠውልጓል፤ የሚፈታው ግን አልተገኘም። ቦኒ ልፍታው ወይ ብላ ጠየቀችው። ይቆይ አላትና ጋሪውን እየገፋ ገባ።

አራተኛው ጠረጴዛ ላይ አይሊ የሚሏት አሮጊት ቀና ብላ አየችው።

«ያኛው ልጅ የት ሄደ?»

«ሞተ፣ እማማ» አለ ናባራጅ። ቃሉን ጮክ ብሎ ሲያወጣው የመጀመሪያው ነበር።

አይሊ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ሳይነግረኝ አይሄድም ነበር» አለች፤ ከዚያም አለቀሰች።

ሌሎቹ ቀድሞ ተነግሯቸዋል፤ ለእሷም ተነግሯት ነበር፣ ግን አይያዝላትም። በማግስቱም ያንኑ ጠየቀችው፤ ያንኑ መለሰ፤ ያንኑ አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ቦኒ ወደ ጎን ጠርታ፣ የሆነ ነገር በላት፣ በየጧቱ አትግደልባት አለችው። ናባራጅም ለአይሊ፣ ኪሾር ዛሬ ትምህርት አለው አላት። አይሊ ደስ አላት። «ደግ አደረገ፣ ትምህርቱ ይቅደም» ብላ ገንፎዋን ጨረሰች። ናባራጅ ጋሪውን ጥሎ ማቀዝቀዣ ክፍሉ ውስጥ ገባና በሩን ዘጋ። ሲወጣ ቦኒ ቡና ቀድታ አኖረችለት።

ጨው ለተከለከሉ ሰዎች የተለየ መደርደሪያ አለ። በዕረፍት ሰዓቱ ከዚያ አንሥቶ ሲበላ ቦኒ አየችው።

«ግፊት አለብህ እንዴ፣ በዚህ ዕድሜህ?»

እስኪያልፍ ነው አላት። ለምን እንደሆነ ሲነግራት ጥቂት አሰበችና፣ ቤተሰብ ብቻ ነው የሚያደርገው ወይ ብላ ጠየቀች። አዎ አላት። በሚቀጥለው ጧት እሷም ከዚያው መደርደሪያ አነሣች፤ ስትቀምሰው አፏን አጣመመችና፣ ሽማግሌዎቹ እውነታቸውን ነው የሚነጫነጩት አለች። ኪሾር ከሞተ ወዲህ ናባራጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሳቀ።

ቅዳሜ ለአባትየው ደወለ። ገንፎ በጋሪ እየገፋ ያድል ነበር አላቸው፤ ማን ወተት እንደሚጨመርለት፣ ማን እንደሚቀነስለት ያውቅ ነበር፤ አንዲት አሮጊት እስከ ዛሬ ስለ እሱ ትጠይቃለች። ሰውየው እስኪጨርስ አላቋረጡትም።

«ይመግባቸው ነበር በለኛ» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

ናባራጅ የጃንዋሪውን ክፍያ አደረሰ። እስኪመረቅ ድረስ እዚያው ሠራ፤ አይሊ በሁለተኛው ክረምት ሞተች። እሱ ሲለቅ ቦታውን ከኔፓል፣ ከኢላም የመጣች የአንደኛ ዓመት ተማሪ ወሰደችው።