ዋልተር አያርምም

ብሪታ አፏ አያርፍም። ክፋት የለባትም፤ ግን ሰው ሲሳሳት ሰምታ ካላረመች ምላሷን ይበላታል። አባትም እናትም መምህራን ከሆኑበት ቤት አድጋ ምን ታድርግ! እነሱ ቤት «ድንቹን አቀብሉኝ» ያለ ሰው አነጋገሩ ታርሞ ነው ድንቹ የሚደርሰው።

እንግዲህ ይህችን ልጅ የገባችበት ኮሌጅ ወስዶ የት ቢመድባት ጥሩ ነው? ዝም ከማለት በቀር ሌላ ነገር የማይጠይቅ ሥራ ላይ! የትምህርት ክፍያ ለሚከብዳቸው ተማሪዎች መንግሥት እየሠሩ እንዲማሩ ሥራ ይሰጣል። አብዛኞቹ እዚያው ግቢ ውስጥ ሳህን ያጥባሉ፤ ጥቂቶቹ ወጣ ብለው የከተማውን ሰው ያገለግላሉ። ለብሪታ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ደረሳት። ሥራዋም ዋልተር የሚባለውን ያረጀ ውሻ ገመድ ይዞ መቀመጥ ሆነ። ማንበብ የሚከብዳቸው ልጆች ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ይመጡና ምንጣፉ ላይ ተጋድመው ለዋልተር ያነቡለታል። ዋልተር አይስቅም፣ አይቸኩልም። ደግሞም አያርምም።

«አንቺም እንደሱ ሁኚ» አሏት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሮ ኦደጋርድ ገና በመጀመሪያው ቀን። «ልጅ ሲሳሳት ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«ዝም ብዬ ልስማ?»

«ከቻልሽ ተኚ። እሱ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

ኅዳር ላይ አንድ ሐሙስ፣ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ፣ ሚስተር ሩድ መጡ። የከተማውን በረዶ መጥረጊያ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ከመሪው ላይ እጃቸውን አንስተው ሰላም ስለሚሏት ብሪታ ታውቃቸዋለች። ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው እያሽከረከሩ በሩ ላይ ቆሙ።

«ይሄ ውሻ… ትልቅ ሰውም ይሰማል?»

ወይዘሮ ኦደጋርድ ቀና አሉ። «ዕድሜ ሲጠይቅ አይቼው አላውቅም። ግባ፣ ሌስተር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስተር ሩድ ከመንገድ ምልክት አልፎ ማንበብ አይሆንላቸውም። ዕድሜ ልካቸውን ያነበቡላቸው ሚስታቸው አርዲስ ናቸው፤ ከእራት በኋላ አንድ ምዕራፍ፣ እሱም የግድያ ታሪክ ካልሆነ አይነካም። መስከረም ላይ አርዲስን ስትሮክ መታቸው። አሁን አረጋውያን መጦሪያው ውስጥ ተኝተዋል። ጆሯቸው ደህና ነው፤ ከአፋቸው ግን ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል አልወጣችም። የጀመሩት መጽሐፍም መሀሉ ላይ ቀረ።

«ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳታውቅ ብትሞትብኝስ?» አሉ ሚስተር ሩድ። «ሌላ ሰው ያንብብላት እንዳትሉኝ። ለኔ ያነበበችልኝ እሷ ናት። አሁን ተራው የኔ ነው።»

ተጀመረ። መጀመሪያ የልጆች መጽሐፍ ነበር፣ ስለ አንድ ሰነፍ ትራክተር። ብሪታ ገመዱን ጨብጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ ትሰማለች። ሚስተር ሩድ ቃሉን በጣታቸው እየተከተሉ፣ እየተደናቀፉ፣ ተመልሰው እየተነሱ ያነባሉ። ዋልተር ያንኮራፋል። የገና በዓል ሲቃረብ ትራክተሩ ተትቶ የአርዲስ መጽሐፍ መጣ። ሰውዬው ድምፃቸው ጠንክሯል፣ ብሪታም በራሷ መኩራት ጀምራ ነበር።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም! ሬሳው የተገኘበት ገጽ ላይ ሚስተር ሩድ «ምድር ቤት» የሚለውን «ማድ ቤት» ብለው አነበቡት።

«ምድር ቤት ነው!» አለች ብሪታ።

ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ምን ዋጋ አለው።

«አመሰግናለሁ» አሉ ሚስተር ሩድ። እዚያ አገር ሰው ሲከፋው መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። መጽሐፉን ዘጉ፣ የዋልተርን ራስ ዳበስ አደረጉ፣ ቆባቸውን ደፉ። «በረዶው ሳይብስ ልሂድ።»

ውጭ ግን ጠራራ ፀሐይ ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ አልመጡም። ከዚያ በኋላ ባለውም አልመጡም።

«ተቆጥተውብኝ ነው» አለች ብሪታ።

«ቢቆጣማ ደግ ነበር፤ የተቆጣ ሰው ይመለሳል» አሉ ወይዘሮ ኦደጋርድ። «አፍሮ ነው።» ከዚያ መስኮቱን እያዩ፣ ለማንም እንዳልተናገሩ ሁሉ፣ «ዋልተር ነፋስ ያስፈልገዋል መሰለኝ። በማዘጋጃ ቤቱ ጋራዥ በኩል» አሉ።

ብሪታ ጋራዡ ስትደርስ ሚስተር ሩድ ከበረዶ መጥረጊያው መኪና ሥር ወጥተው እጃቸውን ጠረጉ። ከምሳ ዕቃቸው የቸኮላት ኬክ ጋበዟት፤ ሁለቴ እምቢ ብላ በሦስተኛው ተቀበለች።

«ዋልተር ናፍቀውታል» አለች።

«ዋልተርን ነው ወይስ አንቺን?»

«እኔማ አፌን ቢሰፉልኝ ይሻለኛል። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሚስተር ሩድ።»

«ተይ እንጂ። ልክ ነበርሽ፤ ያስደነገጠኝም እሱ ነው።» ባዶ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ። «ለሷ ሳነብ እንዲህ ብደናቀፍስ? ተነስታ አትሄድ፣ በቃህ አትለኝ። ተኝታ የኔን ጉድ ልትሰማ ነው? ልቤ እምቢ አለኝ፣ ልጄ።»

ብሪታ ዓይኗን ወደ ዋልተር መለሰች። ዋልተር የጋራዡ ወለል ላይ ተዘርሮ እንቅልፉን ይለጥጣል።

«ባለቤትዎን ምን አገባቸው?» አለች።

«እንዴት?»

«የሚያነቡት ለዋልተር ነው። እሳቸው አጠገቡ ተኝተው ጆሯቸው ቢገባ፣ ማን ይከለክላቸዋል?»

ሚስተር ሩድ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «አንቺ ልጅ» አሉ፣ «አፍሽስ አንዳንዴ ይጠቅማል።»

ቅዳሜ ሦስቱም መጦሪያው ውስጥ ናቸው። አርዲስ ትራስ ተደግፈው ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለዋል። ብሪታ ገመዱን ይዛ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ዋልተር አልጋው ሥር ገብቶ እንደ ልማዱ ተጋደመ።

«አርዲስዬ፣ አንቺን አይመለከትሽም» አሉ ሚስተር ሩድ መጽሐፉን እየገለጡ። «ጉዳዬ ከውሻው ጋር ነው።»

አነበቡ። አንድ ገጽ አለፈ፣ ሁለተኛው ተጀመረ። «ጠበቃውም የሟቹን… የሟቹን ኑ… ኑዛ…»

ቆሙ። ጣታቸው ቃሉ ላይ ደርቆ ቀረ፣ አንገታቸው ቀላ። ቃሉ ብሪታ ጥርስ ላይ ደርሷል። ምርጫ ስታጣ የውሻውን ገመድ በአፏ ነከሰች።

«ኑዛዜ።»

ብሪታ አይደለችም። ድምፁ የወጣው ከትራሱ በኩል ነው፤ ወፍራም፣ የተጎተተ።

«አርዲስ?»

«ኑ…ዛዜ» አሉ አርዲስ ዳግመኛ፣ ትዕግሥታቸው እንዳለቀ ሰው።

ሚስተር ሩድ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ዓይናቸውንም ጠረጉ። ገጹን አገኙትና ቀጠሉ። ጠበቃው ኑዛዜውን ይዞ፣ መብራት አብርቶ፣ ደረጃውን ወረደ።

«ወደ ማድ ቤት» አሉ ጮክ ብለው።

ብሪታ ገመዱን ከአፏ አወጣች፤ ልትናገር ነበር። ቀና ስትል ግን ሽማግሌው መጽሐፉን እያዩ አይደለም። ሚስታቸውን እያዩ ነው የሚጠብቁት። አፏን ገጠመች።

«ምድር…» አሉ አርዲስ። ዓይናቸውን ከጣሪያው መልሰው ወደ ባላቸው አዞሩ። «ምድር ቤት፣ ሌስተር።»

«አመሰግናለሁ» አሉ ሚስተር ሩድ፤ ወንበራቸውንም ወደ አልጋው አስጠጉ።