አምስት ወር ብቻ የሄደ

ዳቱክ ማራጆ ዘይት የሚቀምስ ሰው ነበር። የወጥ ዘይት እንዳይመስላችሁ፤ የሞተር ነው። ጣቱን ጀሪካኑ ውስጥ ነከር ያደርግና በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ ያሸተዋል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ምላሱ ጫፍ ላይ ጠብ ያደርጋታል። ይኼኔ የማቱር መንደር ሻይ ቤት ደንበኛ ሁሉ ዶሚኖውን አቁሞ ፍርዱን ይጠብቃል።

«ይሄ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሄደም» ይላል ዓይኑን ሲገልጥ። «እንዲህ ያለውን የተቃጠለ ዘይት ብሎ መድፋት ኃጢአት ነው! አዲስ ዘይት እኮ ያልተገራ ጎሽ ማለት ነው። ሞተር ምን እንደሆነ አያውቅም። ይሄ ግን ገብቶ አይቷል፤ ሙቀቱን ችሏል፤ ጠባይ ተምሯል። ላሮጌ መኪና የሚስማማት ጠባይ የተማረ ዘይት ነው።»

ከዚያ ወደ ደጅ ይጠቁማል። ደጅ የቆመችው አሮጌዋ መኪናው ኪጃንግ ናት፤ በወጣትነቷ አረንጓዴ ነበረች ይባላል። «ጠይቋት! ባለአዲሶቹ ሁሉ አርባ አራቱ የዳገት ጥምዝ ላይ ኮፈናቸውን ከፍተው ሲተነፍሱ እሷ ጥላቸው የምትወጣው በምን ይመስላችኋል?»

ጥግ ይዞ የተቀመጠው መካኒኩ ዳስሪል በዚህ ጊዜ ሁሉ ዓይኑን ከሻይ ብርጭቆው አያነሳም። ያ ጠባይ የተማረ የተባለው ዘይት ያን ዕለት ጠዋት ከታሸገ ጣሳ የወጣ አዲስ ዘይት መሆኑን ከእሱና ከፈጣሪው በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው በሀጂ ቡስታሚ ነው። ሀጂ ቀረፋ ነጋዴ ናቸው፤ ገንዘብም ፍርሃትም የተረፋቸው ሰው። አዲሷ መኪናቸው እንዳትታመምባቸው በየወሩ ዳስሪል ጋራዥ እየመጡ ዘይት ያስቀይሩ ነበር። የሚወጣው ዘይት ማር ይመስላል። ዳቱክ ይህን አየና «የሀጂን ዘይት ለኔ አስቀምጥልኝ፣ አደራ» አለ። በሚስቱ አሮጌ ሻሽ እያጠለለ ኪጃንጓን ያጠጣት ጀመር፤ እሷም ተስማማት። እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ ምንም ባልመጣ ነበር። ዳቱክ ግን ጥበቡን ሆዱ ውስጥ መያዝ አልቻለም፤ ሻይ ቤት እየተቀመጠ ይሰብካል። ሀጂም አጠገቡ ተቀምጠው እንቁላል የተመታበት ሻያቸውን እየጠጡ ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ሀጂ ዓይናቸው በራ። ለካስ ደህና ዘይት እያስደፋሁ ኖሬያለሁ ብለው ማስቀየሩን ተዉት። ሰባኪው በገዛ ስብከቱ ምንጩን አደረቀ።

ሀጂ ከብዙ ወራት በኋላ ብቅ ሲሉ ከመኪናቸው የወጣው ነገር አይፈስም፤ ይጎተታል። ሬንጅ ነው። ዳስሪል ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ይችል ነበር። ግን ዳቱክን ያውቀዋል፤ አዲስ ዘይት ከሚገዛ ሬንጁን አጥልሎ ይጨምራል። በዚያች ኪጃንግ ውስጥ ደግሞ በየማለዳው አጎቷ ዳቱክ አጠገብ ተቀምጣ፣ አርባ አራቱን ጥምዝ ወርዳ፣ ማኒንጃው ሐይቅ ዳር ያለው ጤና ጣቢያ ድረስ የምትሄድ አንዲት አዋላጅ ነርስ አለች። ኔልዋቲ ትባላለች። ሞተሩ ጥምዝ ላይ ነክሶ ቢቆም ባንድ ወገን ገደል ነው፣ በሌላው ወገን ከኋላ የሚመጣ አውቶቡስ። ዳስሪል ይህን ሲያስብ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ስለዚህ ከራሱ ኪስ አዲስ ዘይት ገዛ፤ ከሀጂ ሬንጅ አንድ ማንኪያ ጣል አድርጎ አማሰለና «የሀጂ ነው» ብሎ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ያማስላል።

እሱ ኔልዋቲን ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። የጎደለው የዳቱክ ቃል ብቻ ነበር። በነሱ ወግ ለጋብቻ የሚጠየቀው ወንዱ ነው፤ ጠያቂው ደግሞ የሴቷ እናት ወንድም። አባት አስተያየቱን ይሰጥና ሻዩን ይጠጣል። እና ዳቱክ ካልተነሳ፣ የጋብቻ ጥያቄ የሚቀርብበትን የሚታኘክ ቅጠል ሳጥን አስይዞ የዳስሪል እናት ቤት ካልሄደ፣ ጋብቻ የሚባል ነገር የለም። ዳቱክ ደግሞ አልነሳም አለ። ምክንያቱም ዳስሪል አንድ ጊዜ አግብቶ ፈቷል። ፔካንባሩ ከተማ ሄዶ አግብቶ ነበር፤ ያገባት ልጅ ልቧ ሌላ ሰው ጋ ነበረ። በአምስት ወሩ ተለያዩ። የፍራሹ ላስቲክ እንኳ አልተላጠም ነበር።

«ለእህቴ ልጅ ያገለገለ ሰው አልፈልግም» አለ ዳቱክ። «አዲስ ጠፍቶ ነው?»

ኔልዋቲ ቤት ውስጥ ለመነች፣ አኮረፈች፣ ምግብ ተወች። አልሆነም። አንድ ቀን ከሥራ መልስ አጎቷ ሻይ ቤት ሰብሰብ ባለ ሰው መካከል ዘይቱን ሲቀምስ ደረሰች። በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን ሰበር አድርጋ፣

«ማማክ፣ አጎቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር» አለች። «አምስት ወር የሄደ ዘይት ይደፋል እንዴ?»

«ማነው የሚደፋው!» ዳቱክ ጣቱን አወናጨፈ። «አምስት ወር? ገና ጡት ያልጣለ ነው!»

«ከመጀመሪያው ሞተር ጋር ሳይስማማ ቀርቶ ቢወጣስ?»

«ጥፋቱ የሞተሩ ነው። ዘይቱ ምን አደረገ?»

«ታዲያ ሌላ ሞተር ውስጥ ቢገባ ነውር አይሆንም?»

«ቢስሚላህ ተብሎ ይገባል! እንዲያውም ይሻላል። ጠባይ ተምሯል አልኩሽ እኮ!»

«እንግዲያውስ የዳስሪል እናት ቤት መቼ እንሂድ?»

ሀጂ ቡስታሚ ሻያቸው በአፍንጫቸው እስኪወጣ ሳቁ። ዶሚኖ ተጫዋቹ ጠረጴዛ ደበደበ። ዳስሪል መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር፤ ደስታውም ግን ሊደበቅለት አልቻለም፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ዳቱክ!» አሉ ሀጂ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ራስህ ፈረድክ። እኔ ራሴ አንተን አምኜ ዘይት ማስቀየር ከተውኩ ስንት ጊዜዬ ነው! መኪናዬ አሁን አሁን እንደ ሽማግሌ ማሳል ጀምራለች እንጂ...»

«ምን አልክ ሀጂ?»

«ታስላለች አልኩህ።»

«እሱን አይደለም። ማስቀየር ትቻለሁ አልክ?»

«አንተ አይደለህ አታስቀይር ያልከኝ?»

ዳቱክ ጣቱን አየ። ጣቱ ላይ ያለውን ዘይት አየ። ጀሪካኑን አየ። «ታዲያ እኔ በየወሩ የምቀምሰው የማንን ነው?» አለ ቀስ ብሎ። ቤቱ ሁሉ ወደ ዳስሪል ዞረ።

እውነቱን ቢናገር ዳቱክ በሰው ፊት ይዋረዳል፤ የተዋረደ አጎት ደግሞ የቅጠል ሳጥን አያነሳም። በዚያ ላይ የኔልዋቲ ክርክር ይፈርሳል፦ ኪጃንጓን ያወጣት አዲስ ዘይት ከሆነማ፣ ያገለገለ ከአዲስ እኩል ነው የሚለው ነገር ውሸት ነው ማለት ነው፤ እሱም ያገለገለ ነው። ቢዋሽም ያስጨንቃል።

«የ... የድሮውን አጠራቅሜ ነው» አለ። «ሀጂ በየወሩ ሲያስቀይሩ የነበረውን። በርሜል ሙሉ አለኝ።»

«በርሜል?» አሉ ሀጂ ቅንድባቸውን ሰቅለው።

ዳቱክ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ብድግ አለ። «ና፣ በርሜሉን አሳየኝ» አለ። «ማንም እንዳይከተለን። ኔልዋቲ፣ አንቺም እዚሁ ቆዪ።»

ጋራዡ መንገዱ ማዶ ነው። ዳቱክ ገብቶ ዞር ዞር አለ። በርሜል የሚባል የለም። ሥራ ጠረጴዛው ሥር ግን የአዲስ ዘይት ጣሳዎች ተደርድረዋል፤ አጠገባቸው ሬንጅ የያዘ ቆርቆሮ፣ ሬንጁ ውስጥ የተተከለ የሾርባ ማንኪያ። ዳቱክ ወሬ ይወዳል እንጂ ሞኝ አይደለም። አንዱን ጣሳ ከፈተ፤ ጣቱን ነከረ፤ አሸ፤ አሸተተ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ቀመሰ። ከዚያ ሻይ ቤት ከቀመሰው ጀሪካን ደገመ። እንደገና ከጣሳው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ያው ነው» አለ። «ያው ነው እኮ! ልዩነት የለውም!» አሮጌ ጎማ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ስቀምስ ነው የኖርኩት?»

ዳስሪል አዘነለት። ይህን ያህል አዝንለታለሁ ብሎ አስቦ አያውቅም። «ዳቱክ፣ ይቅር ይበሉኝ። ልሸውድዎት አልነበረም ሐሳቤ።»

«ከኪስህ ነው የገዛኸው?»

«አዎ።»

«ለምን?»

ዳስሪል እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ የተጠረገ እጅ ነበር። «እሷ ጎንዎ ስለምትቀመጥ» አለ።

ከመንገዱ ማዶ የሻይ ቤቱ ሳቅ ይሰማል፤ ሀጂ የበርሜሉን ነገር እያወሩ መሆን አለበት። ዳቱክ ያን ሳቅ ሰምቶ ተሸማቀቀ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እውነት ነው፤ ነገ ይህ ነገር ቢወጣ ዘይት ቀማሹ እየተባለ ልጅ ሁሉ ምላሱን ያወጣበታል።

«ለማን ነግረሃል?»

«ለማንም።»

«ለእሷስ?»

«ለእሷም አልነገርኩም።»

«እንግዲህ...» ዳቱክ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንዲህ ያለ ነገር ባዳ ሆድ ውስጥ ስንት ጊዜ ይቆያል ትላለህ?»

ዳስሪል መካኒክ ነው፤ ብሎን የሚላላበትን ሰዓት ያውቃል። «እንጃ ዳቱክ» አለ መሬት መሬት እያየ። «የባዳ ሆድ አይታመንም።»

«የዘመድስ?»

«የዘመድማ እስከ መቃብር ነው።»

ዳቱክ ቀና ብሎ አየው። ሊቆጣ ፈለገ፤ ግን ሳቁ ቀደመው። ጎማው ላይ እንደተቀመጠ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ እጁን ዘረጋና ዳስሪል ጎትቶ አስነሳው።

ሻይ ቤት ሲመለሱ ሀጂ በር ላይ ጠበቁት። «እህሳ፣ በርሜሉ አለ?»

«አለ» አለ ዳቱክ ሳይደነግጥ። «እስከ አፉ ሙሉ ነው። አንተም ሀጂ እባክህ ሂድና ዘይትህን ቀይር፤ እኔ ትንሽ ያገለገለ አልኩ እንጂ መጦሪያ የሚያስፈልገው አላልኩም።» ወደ ኔልዋቲ ዞረ። «አንቺ ደግሞ ለእናትሽ ሳጥኑን ታጥበው በያት። እናቱ ቤት እንሄዳለን።» ኔልዋቲ የአጎቷን እጅ ሳመች፤ ጣቱ ዘይት ነበር፣ ግድ አልሰጣትም።

የተባለው ቀን ደረሰና ሽማግሌዎቹ በዳስሪል እናት ቤት ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ቅጠሉ ታኘከ፤ ምሳሌው ወዲህ ወዲያ ተባለ። የዳስሪል እናት ሐቀኛ ሴት ናቸው፤ ሳይጠየቁ ተናገሩ።

«ዳቱክ፣ ኋላ እንዳይባል ልናገር። ልጄ አንዴ አግብቶ የፈታ ነው።»

«አምስት ወር ብቻ የሄደ ነው፣ እናቴ» አለ ዳቱክ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ያውም ጥፋቱ የሞተሩ ነው። እኔ ከመጣሁ ደግሞ አጣርቼ ነው የመጣሁት፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ምን ስሠራ ኖርኩ?» ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሀጂ ቡስታሚ እንኳ ከጥግ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዱዓ ሲደረግ ሁሉም አንገቱን ደፋ። ዳስሪልም መዳፉን ዘርግቶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ አሚን አሚን ይላል። ዳቱክ መዳፉን እንደዘረጋ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«የሰሞኑ ዘይት ፈካ ብሏል» አለው በሹክሹክታ። «ሀጂ ደግሞ ዓይናቸውን ነገር አያመልጠውም። የሚቀጥለውን ትንሽ ጠቆር አድርገው፣ ልጄ።»