በር አይዋሽም

«ደም ግፊት ነው አሉ» አሉ ጎረቤቷ ቡናቸውን ፉት ብለው።

«ኧረ ልብ ነው!» አሉ አጠገባቸው የተቀመጡት አክስት።

ቁልፍ ሠሪው በሞተ በሦስተኛው ቀን አምስት በሽታ ተመድቦለታል፤ መጠጥን የጠራ ግን የለም። ቤተሰቡም ለመጠጡ የራሱ ቃል ነበረው፦ «ደክሞት ነው።» ከሥራ ሲቀር ደክሞት ነው፤ ደረጃ ላይ ሲወድቅም ደክሞት ነው። ሳይሠራ እንደሱ የደከመ ሰው አልታየም።

የአሥራ ሰባት ዓመት ልጁ ስኒ እየሰበሰበች ትሰማለች። አጎቷ የቀለም ቆርቆሮ ከፍቶ በሩ ሥር ተንበርክኳል።

«ነገ ባልደረቦቹ ይመጣሉ። የቁልፍ ሠሪ በር እንዲህ ተጫጭሮ ይታይ?» አለ።

የቁልፉን ቀዳዳ የከበበውን ጭረት እሷ አንድ በአንድ ታውቀዋለች። ማታ አባቷ ሲመጣ፣ የሰፈሩን በር ሁሉ የሚከፍተው እጁ የራሱን ቀዳዳ ስንቴ እንደሳተ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ ትቆጥር ነበር። እስከ ሦስት ከሆነ ሰላም ነው፤ እያንጎራጎረ ይገባል። ሰባት ካለፈ ብርድ ልብሷን ተከናንባ የተኛች ትመስላለች።

ጠዋት ግን ያው እጅ ዓይኗን ሸፍኖ ጓጉንቸር ያስይዛታል። «ሰው ይዋሻል፣ በር አይዋሽም። በጆሮሽ ክፈቺው፣ የኔ ሌባ!» ስትከፍተው ከሷ በላይ የሚስቀው እሱ ነበር።

አንዲት ሴት ገባች። «እግዜር ያጽናችሁ» ብላ ጥግ ላይ ተቀመጠች።

ልጅቷ አወቀቻት። አማካሪዋ ናት። ረቡዕ ረቡዕ «ሒሳብ ጥናት» እያለች የምትሄደው እሷ ዘንድ ነው፤ ወላጆቻቸው የሚጠጡ ልጆች ይሰበሰባሉ። ደንባቸው አንድ ነው፦ ውጭ ሲገናኙ ልጁ ቀድሞ ሰላም ካላለ፣ አማካሪዋ አታውቀውም። የልጅቷ እናት ደግሞ የቤት ገመና ደጅ እንዳይወጣ ስትል ዕድሜዋን ጨርሳለች።

«ይቺ ደግሞ የማን ናት?» አሉ አክስት።

«መልኳ ያምራል» አሉ ጎረቤቷ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ደንበኛው ትሆን? ወይስ...»

«ዝም በይ፣ ሚስቱ እንዳትሰማ!»

ሚስቱ ሰምታለች። ሟቹ በስድስተኛው በሽታ ፈንታ ውሽማ ሊመደብለት ነው።

ልጅቷ ተሻግራ አማካሪዋን ሳመቻት።

«የኔ እንግዳ ናቸው» አለች ወደ እናቷ ዞራ። «ሒሳብ አልነበረም፣ እማ። አባቴ ሲጠጣ የማወራው እሳቸው ጋ ነው።»

አጎቷ ብሩሹን እንደያዘ ቀና አለ።

«ኧረ ደክሞት...» ብሎ ጀመረ።

«ሰክሮ ነበር» አለች እናቷ። ድምጿ እንደ ሁልጊዜው ነው። «አሥራ ስምንት ዓመት ሰክሮ ነበር። ጋሼ፣ ያንን ብሩሽ ይስጡኝ።»

ተቀብላው ቆርቆሮው ላይ አጋደመችው። ከዚያ በሩ ሥር ቁጢጥ ብላ አውራ ጣቷን ከአንዱ ጭረት ወደ ሌላው ታሳልፍ ጀመር። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

እሷም ትቆጥር ኖሯል።

ልጅቷ ስኒዎቹን አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠችና፣ እናቷ ሦስት ላይ ስትደርስ ከአራት ጀምራ አብራት ቆጠረች።