ሳይጠገን ይታይልኝ

አውራ ጣቴ አልደከመም። ይህን ከሁሉ በፊት ልናገረው፤ ምክንያቱም ክለቡ ውስጥ ያለ ሰው በሙሉ፣ ባሌ ስዩም ሳይቀር፣ ደክሟል ብሎ ፈርዶብኝ ነበር።

የምንተኩሰው ብረት ላይ ነው። ውጭ አገር ከምንኖርበት ሰፈር፣ ከዋይንድሃም ቬል፣ በመኪና ብዙም የማይርቅ ሜዳ አለ። እዚያ በዶሮ፣ በአሳማ፣ ተርኪ በሚሉት ትልቅ ዶሮና በሙክት ቅርጽ የተቆረጡ ብረቶች በየርቀታቸው ይደረደራሉ። መምታት ብቻውን አይቆጠርም፤ መጣል ያስፈልጋል። ዶሮውን ማንም ይጥለዋል። ሙክቱ ግን ሩቅም ነው፣ ከባድም ነው፤ ቀለል ያለ ጥይት ካገኘው ኳ ብሎ ባለበት ይቆማል። ስለዚህ እኔ የምተኩሰው በማግነም ነው፤ ትልቅ፣ ከባድ፣ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ። ሲተኮስ እንደ በቅሎ ይራገጣል። እኔም ለዚሁ ነው የወደድኩት።

ጓደኛዬ አየለች አንድ እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ «በዐቢይ ጾም ሙክት ትጥያለሽ አሉ፤ የንስሐ አባትሽ ያውቃሉ?» አለችኝ። ያውቃሉ። ብረት መሆኑን ስነግራቸው ስቀዋል። ስድሳ ዓመት አልፎኛል፣ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ልጆቼ የራሳቸውን ቤት ይዘዋል። ቅዳሜን ቁጭ ብዬ መጋረጃ ልይ?

ጣጣው የመጣው በጋው ሲያልቅ ነው። ሙክት ላይ ስተኩስ አንዳንዴ ሽጉጡ ቀጭ ይልና ዝም ይላል። በውድድር ስድስት ቀዳዳ ላለው ሽጉጥ የሚፈቀደው አምስት ጥይት ስለሆነ አንደኛው ቀዳዳ ባዶውን ይቀራል። ቀጭ ካለ በኋላ ከፍቼ ስገለብጠው ሁልጊዜ አንድ ያልተተኮሰ ጥይት ከቀለሆቹ ጋር ይወጣል።

የክለቡ ኃላፊ ቶማስ ደግ ሰው ነው፤ ያበሸቀኝም ደግነቱ ነው። ለብቻዬ ወስዶ፣ እንደታመመ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አናገረኝ።

«ታየች፣ መዶሻውን ወደ ኋላ ስትስቢ አውራ ጣትሽ ያመልጥሻል። በዚያን ጊዜ ጥይቱ ያለበት ከበሮ ይዞርና አንዷን ጥይት ትዘያለሽ። መጨረሻ ላይ ባዶው ቀዳዳ ይመጣና ቀጭ ይላል። በዕድሜ የሚመጣ ነገር ነው።»

«ጣቴ አምልጦኝ አያውቅም።»

«ከመጪው ቅዳሜ ውድድር በኋላ በማግነም እንድትተኩሺ መፍቀድ አልችልም። ወደ ቀላሉ ሽጉጥ ውረጂ።»

በቀላሉ ሽጉጥ ሙክት አይወድቅም። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሌሎቹ ሙክት ሲጥሉ እኔ ከዶሮ ጋር ልቀር ነው ማለት ነው።

ቤት ገብቼ ለስዩም ብነግረው ባሰ። ስዩም አገር ቤት ወታደር ነበር፤ ስለ መሣሪያ ሲነሳ ሌላው ዝም እንዲልለት ይፈልጋል።

«ያ የሚያህል ብረት እንዲሁ አይበላሽም። እጅሽ ነው፤ አርፈሽ ተቀመጪ» አለኝ።

«አንተ ተቀመጥ» አልኩት። ያን ቀን ራቱን ብቻውን በላ።

በማግስቱ ሽጉጡን ይዤ ሃብቶም ዘንድ ሄድኩ። ሃብቶም ፈቃድ ያለው የጠመንጃና የሽጉጥ ጠጋኝ ነው፤ ከፉትስክሬይ ሰፈር ወዲያ ወርክሾፕ አለው። መነጽሩን አድርጎ ከበሮውን በጣቱ ወዲህ ወዲያ አነቃነቀው፣ በባትሪ አየው፣ ደግሞ አነቃነቀው።

«እትዬ ታየች፣ ጣትዎ ምንም አልሆነም» አለኝ። ስንት ቀን ታፍኜ እንደከረምኩ የገባኝ ያኔ ነው፤ እንባዬ መጣ።

ጎን ለጎን ተቀምጠን አሳየኝ። ከበሮው ላይ በየቀዳዳው አንጻር ትንሽ ጎድጓድ ቦታ አለች። ከሥር የምትወጣ አንዲት ብረት እዚያ ውስጥ ገብታ ከበሮው እንዳይዞር ትቆልፈዋለች። ሽጉጤ የድሮ ስለሆነ ጎድጓዶቹ አጫጭር ናቸው፣ ብረቷም በላልታለች።

«ከባድ ጥይት ሲተኩሱበት ሲናጥ ብረቷ ዘላ ትወጣለች። ከበሮው ወደ ኋላ ይመለሳል። መዶሻውን ሲስቡት አዲሱ ጥይት በመምጣት ፈንታ አሁን የተኮሱት ቀለህ ተመልሶ ይመጣል። ቀጭ የሚለው እሱ ነው። አደጋ የለውም፤ ግን ያናድዳል።»

«ሌላውም ሰው ደርሶበታል?»

«ብዙ ሰው። ለዚህ እኮ ነው በኋላ የተሠሩት የተጠናከሩት። ጎድጓዱን አስረዘሙት፣ ብረቷ እንዳትዘል ማገጃ አደረጉላት። የእርስዎንም ፊክስ አደርገዋለሁ። ባለ ረጅም ጎድጓድ ከበሮ እገጥምለታለሁ፣ ስፕሪንጉንም ቼንጅ አደርጋለሁ። ለቅዳሜ ይደርሳል።»

እዚያ ቁጭ ብዬ ንዴቴ እንደገና ተነሳ። ሽጉጡ አልችል ሲል ሠሪዎቹ ተሰብስበው አጠናከሩት። እኔን ግን እነ ቶማስ ሳያዩኝ ተቀመጪ አሉኝ።

«አትጠግነው» አልኩት።

«እንዴት?»

«አሁን ከጠገንከው ቀጭ ማለቱን ይተዋል። እነሱም ቶማስ መክሯት ተስተካከለች ይላሉ። እስክሞት ጣቷ የደከመች ሴት ሆኜ ልቀር? ሳይጠገን ይታይልኝ።»

«እትዬ፣ ሁልጊዜ እኮ አያደርገውም። ቅዳሜ ባያደርገውስ?»

«ካላደረገው ሙክቶቹን እጥላለሁ።»

ለፋሲካ ብዬ የገዛሁት ቀይ የጥፍር ቀለም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሃብቶም ተቀብሎኝ ባዶ በሚቀረው ቀዳዳ አንጻር፣ ከበሮው ላይ፣ ከውጭ የሚታይ አንድ ነጥብ አደረገበት።

ቅዳሜ ሁሉም በተሰበሰበበት ሽጉጡን ለቶማስ አሳየሁት። «ይህ ቀይ ነጥብ ባዶው ቀዳዳ ነው። ቀጭ ሲል ቀዩ ከላይ ካለ ጥፋቱ የጣቴ ነው፤ ማግነሙን ብቻ ሳይሆን ክለቡንም ለቅቄ እሄዳለሁ። ቀዩ ከላይ ከሌለ ግን ከበሮው ወደ ኋላ ዞሯል ማለት ነው፤ እዚሁ ሰው ፊት ትነግረኛለህ።»

ቶማስ ሰዎቹን አየ፣ ነጥቡን አየ፣ እሺ አለ። ስዩም ከአጥሩ ኋላ ከሃብቶም ጎን ቆሞ ራሱን ይወዘውዛል።

ደህና ቀን ነበር። ዶሮውም አሳማውም ተርኪውም ሆነልኝ፤ ወደ ሙክቶቹ ስንደርስ ከአንድ ሰው ጋር እኩል ነበርን፤ እሱ አራት ጥሎ ጨርሷል። አምስቱን ከጣልኩ ዋንጫው የእኔ ነው፤ እኩል ከወጣን ግን የአምና አሸናፊ ስለሆነ ለእሱ ይቀራል።

የመጀመሪያው ሙክት ወደቀ። ሁለተኛው ወደቀ። ሽጉጡ ምንም አላለም። ሦስተኛው ሲወድቅ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ቀጭ ሳይል ሊያልቅ ነው ብዬ ከፋኝ። አራተኛውም ወደቀ። መዶሻውን ሳብኩ፣ አምስተኛው ላይ አነጣጠርኩ፣ ምላጩን ሳብኩት።

ቀጭ።

ለአምስቱ ሙክት የተሰጠኝ ሰዓት አላለቀም ነበር። መዶሻውን አንዴ ብደግመው ከበሮው ይዞርና ያልተተኮሰው ጥይት ይመጣል፤ ሙክቱ እዚያ ቆሟል፣ ከፊቴ ሌላ ነገር የለም። ግን ከደገምኩት ነጥቡም አብሮ ይዞራል፤ የታየው ነገር ይጠፋል። ሰዓት የሚይዘው ቶማስ ነው፤ ሰዓቱ ሳያልቅ ተኳሽ አጠገብ መጥቶ መሣሪያ ማየት አይፈቀድለትም።

ስዩም ከኋላ ጮኸ። ጆሮዬ የተሸፈነ ቢሆንም ሰማሁት።

«ድገሚው! ታየች፣ ድገሚው እንጂ!»

አልደገምኩትም። ሽጉጡን በሁለት እጄ ወደ ሙክቱ እንደደቀንኩ ቆምኩ። ክብደቱ ትከሻዬ ውስጥ ገባ፤ ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይንቀጥቀጥ አልኩ። እንዲህ የሚያህል ብረት ዘርግቶ ቆሞ የማይንቀጠቀጥ ካለ ይምጣና ይያዘው። ሙክቱን አየሁት፤ ዋንጫዬን ይዞ ቆሟል። በጣም ፈልጌው ነበር፤ አልዋሽም።

ፊሽካው ተነፋ።

«አሁን ና» አልኩት ቶማስን።

መጣ። ጎንበስ ብሎ ከላይ አየ፤ ከዚያ ዞሮ በሌላው ጎን አየ። ቀዩ ነጥብ ከላይ አልነበረም። መዶሻው ያረፈው በተተኮሰ ቀለህ ላይ ነው። ከፍቶ አሳያቸው፤ ያልተተኮሰው ጥይት ከጎኑ ተቀምጧል።

«ከበሮው ወደ ኋላ ዞሯል» አለ ቶማስ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ጥፋቱ የታየች አይደለም። ተሳስቻለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ግን መድገም ትችዪ ነበር፤ ታሸንፊ ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

ዋንጫው ለዚያኛው ሰው ተሰጠ፤ አጨበጨብኩለት። ስዩም ከአጥሩ ዞሮ መጣ። ወታደር ነኝ ያለውን ሁሉ የት እንደሚያኖረው ጠፍቶታል። ቀኝ እጄን ያዘና አውራ ጣቴን አገላብጦ አየው፤ ቀልቶ አብጧል።

«ይቅር በዪኝ» አለ።

«ቤት ስንገባ ራት አንተ ትሠራለህ» አልኩት። እሺ አለ።

ሙክቱ አሁንም እንደቆመ ነበር። ሽጉጡን ባዶ መሆኑን አይቼ ሳጥኑ ውስጥ ቆለፍኩት፤ ለሃብቶምም ሰጠሁት።

«አሁን ጠግነው» አልኩት።