የሰው ጠረን

ጓደኞቹ «ሽታ የለሽ» የሚል ስም ያወጡለት ለቀልድ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ነው የተቀበለው። እንጀራው ሰዓት ጥገና ነው፤ ነፍሱ ያለችው ግን አደን ላይ ነው። አጋዘን ሰው ቢያይ ሊጠራጠር ይችላል፤ የሰው ጠረን ካገኘ ግን አለቀ፣ ወሬ የለም። ስለዚህ ሽታ የለሽ አርባ ዓመት ሙሉ የሚሸት ሳሙና ነክቶ አያውቅም። አደን ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ሽንኩርት እርም ነው። ኮቱ እንኳ በረንዳው ላይ፣ ሚስማር ላይ ያድራል። ልጁ ትንሽ ሳለች ፀጉሯን ታጥባ ልታቅፈው ስትሮጥ፣ «ኧረ እንዳትነኪኝ! ጠረንሽ ይጋባብኛል!» ይላታል። እሷም በሩ ጋ ቆማ በእጇ ትሰናበተዋለች። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የሚያስበው ስለ ነፋስ ብቻ ነበር።

ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ልጁ አግብታ ሌላ ከተማ ትኖራለች። ከጓደኞቹ ገሚሱ ሞተዋል፣ የቀሩትን ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ቤቱ ውስጥ በቀን የሚታጠበው አንድ ኩባያና አንድ ማንኪያ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጁ ደውላ፣ «አባዬ፣ አጋዘን ከጣልክ ንገረኝ። እሑድ መጥተን ሥጋውን አብረን እንበላለን» አለችው። «ዝም ብላችሁ ኑ» የሚለው አፉ ላይ መጥቶ ነበር። «እሺ፣ ከቀናኝ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋው። የአደን ፈቃዱ የሚያበቃው ቅዳሜ ነበር።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከተዳፋቱ ግርጌ፣ ከወደቀ ግንድ ጀርባ ተቀመጠ። ከኪሱ የዓይን ጠብታ ብልቃጥ አወጣ። ውስጡ የተነፋ አመድ አለ፤ ጫን ሲያደርገው ብን ብሎ ይወጣና የነፋሱን አቅጣጫ ያሳየዋል። አመዱ ቁልቁል ወረደ። ደግ ነው። ጠዋት ቀዝቃዛው አየር ይወርዳል፤ ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው ግን ሽቅብ ይመለሳል። ያኔ ከታች ያለ አዳኝ ቦታውን መቀየር አለበት። ይህን ለስንቱ ጀማሪ ሲያስተምር ኖሯል።

ረፋዱ ላይ አመዱ ሽቅብ አዘነበለ። ሊነሣ ሲል ከላይ ቅጠል ተንኮሻኮሸና አንድ ትልቅ አጋዘን ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። ጠመንጃውን ደገነ። የአጋዘኑ ደረት ከዛፉ እስኪያልፍ አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቷል። ያቺ እርምጃ ከተገኘች ልጁ ነገ ትመጣለች። በዚህ መሐል ነፋሱ ማጅራቱን ዳበሰውና ወደ ላይ አለፈ።

አጋዘኑ አንድ ተራመደ፣ አፍንጫውን አነሣ፣ ከዚያ ፊቱን ቀጥ አድርጎ ወደ እሱ አዞረ። ደረቱ ወለል ብሎ ይታያል፤ መተኮስ ይችል ነበር። ግን ልጁ ከደወለችለት ወዲህ፣ በስምንት ቀን ውስጥ መኖሩን ያወቀለት ፍጡር ይህ ብቻ ነበር።

«አዎ፣ እዚህ ነኝ» አለው ሳያስበው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

አጋዘኑ ፈረጠጠ። ሽታ የለሽ በገዛ ድምፁ ደንግጦ ቀረ፤ ቀጥሎ እንባው መጣ። ከአጋዘን ብቻ የተደበቀ መስሎት፣ ለካ ከቤተሰቡም ተደብቆ ኖሯል።

ቤት ሲደርስ ኮቱን በረንዳው ላይ አልሰቀለም። እንደለበሰው ገብቶ ደወለ።

«ቀናህ አባዬ?»

«አልቀናኝም። ሸተትኩት።»

«አንተ? ሽታ የለሹ?» ልጁ ሳቀች። «በቃ፣ ለሚመጣው ዓመት...»

«ሥጋ የለም። ግን ነገ ኑ።»

«አባዬ፣ ታመምክ እንዴ?»

«አልታመምኩም። ናፍቀሽኛል።»

«እሺ... ምን ይዤልህ ልምጣ?»

«ሳሙና» አለ። «ያኔ ፀጉርሽን የምትታጠቢበትን፣ ያን የሚሸተውን።»