የላላው ማሰሪያ

በ1995 ዓ.ም. ዝናብ ቀረ። ሐይቁ ሸሸ። እንፍራንዝ ላይ ሁለቱም በሬዎቼ በአንድ ወር ሞቱ። ዘርም አልቀረኝም። በአርባ አምስት ዓመቴ ባሕር ዳር ወርጄ ከሐይቁ ደንገል ታንኳ የሚሠራው ዩሱፍ ዘንድ ሥራ ያዝሁ።

የመጀመሪያዋን ስጨርስ ዓሣ አጥማጆቹ ከበው ሳቁ።

«አያ አዘዘ፣ ይቺ የጭድ ክምር ናት እንጂ ታንኳ አይደለችም!»

ዩሱፍ አልሳቀም። እስኪሄዱ ጠብቆ ከተቆለለው ደንገል ጀርባ ወሰደኝ።

«እጅህ ጠንካራ ነው» አለኝ። «ማሰሪያው የላላው ደንገሉን በእርጥቡ ስላሰርኸው ነው። ሲደርቅ ይቀጥናል። ነገ ፈትተህ እሰረው፤ አብሬህ እቀመጣለሁ።»

ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ተቀመጠ። ተቀይሜ አላናገርሁትም። ከዚያ ወዲህ ያሰርሁት አልላላም፤ ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያ እጅ ነው። ዩሱፍ ግን አመሰግናለሁ ሳልለው ሞተ።

ዘንድሮ ልጁ ኢልሃም ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ታንኳ ሠራች። ገዢው የቁንዝላው ሙኒር ነው፤ ታንኳዋን ሰኞ ሊወስድ ተስማምተዋል። ያየ ሁሉ «የአባቷ ልጅ!» አላት። እኔ ታንኳዋ ወገብ ላይ ካለው ማሰሪያ ሥር ሁለት ጣቴን ሰደድሁ። እስከ አንጓዬ ገባ።

ሰው እስኪበተን ቆየሁና ከደንገሉ ጀርባ ጠራኋት።

«የታንኳዋ አፍንጫ አነሳስ ከአባትሽም ሥራ ይበልጣል» አልኋት።

«ግን አለበት፣ አይደል?» አለች እየሳቀች።

«ወገቧ ላይ ሦስት ማሰሪያ ላልቷል። ደንገሉ እርጥብ ነበር።»

ሳቋ ጠፋ። «ሙኒር አይቷት ምንም አላለም!»

«ሙኒር ዋና ይችላል።»

«ሰኞ ካልደረሰች ሴት ስለሠራችው ነው ይላሉ። ሁለተኛ ማን ታንኳ ያዘኛል?»

«ታንኳዋ ሰጠመች ከሚሉ ኢልሃም ዘገየች ይበሉ። ነገ አብሬሽ እቀመጣለሁ።»

ፊቷን አዙራ ሄደች።

በማግስቱ ስደርስ ማሰሪያውን ቆርጣ እርጥቡን ደንገል ፀሐይ ላይ ዘርግታዋለች። አጠገቧ ተቀመጥሁ። እስከ ቀትር አላናገረችኝም። አልከፋኝም፤ አውቀዋለሁ።

ሙኒር አጉረመረመ፤ ግን ጠበቀ። ሐሙስ ዕለት ጣቴን ብሰድ አልገባ አለ። ታንኳዋ ደልደል ብላ ውኃው ላይ ተቀመጠች። ሙኒር ቀዘፈና ሌላ ለወንድሙ እንድትሠራለት ከውኃው ላይ ጮኾ አዘዘ።

«አያ፣ አመሰግናለሁ» አለችኝ። «በሰው ፊት ቢነግሩኝ ኖሮ ሥራውን እተወው ነበር።»

ያኔ ያንን ቀን ነገርኋት፤ ሳቁን፣ ቅያሜዬን፣ የአባቷን መቀመጥ።

«አመሰግናለሁ ሳልለው ከሃያ ዓመት በላይ ተሸከምሁት» አልኋት።

ዓይኗን ከታንኳዋ ሳትነቅል «እንግዲህ በዚህች ታንኳ አሉት፣ አያ» አለችኝ።