ያልተሰማ ስመ ክርስትና

ልቡናና አእምሮ የታደለው የሰው ልጅ፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ከፍጡራን ሁሉ ተለይቶ በሥጋው በቆመበት ስፍራ በሕሊናው የማይገኝ ፍጡር ነው፤ ላም በሣሩ ላይ ሳለች ከሣሩ ጋር ናት፣ ወፍም በቅርንጫፉ ላይ ሳለች ከቅርንጫፉ ጋር ናት፤ ሰው ግን ማዕዱን እየቆረሰ በትናንት ቂሙ ይታመሳል፣ ወዳጁን እያነጋገረ የነገ ሹመቱን ያልማል፣ እንዲህም ሲባዝን ዕድሜው ሳይኖርበት ያልቃል። ለዚህ ጽኑ ደዌ መድኃኒቱ የተበተነውን ልብ ሰብስቦ አሁን በእጅ ባለው ነገር ላይ ማኖር እንደ ሆነ የማያውቅ የለም። ክፋቱ ግን መድኃኒቱን ማወቅና መዳን አንድ መስሎ መታየቱ ነው።

በዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ በተቀመጠች በአንዲት ጥንታዊት ደብር፣ መምህር አጽቁ የሚባሉ፣ በትርጓሜ የተመሰከረላቸው፣ በአንደበታቸው የተወደዱ፣ በግርማቸው የተፈሩ ሊቅ ነበሩ፤ ከትምህርታቸውም ሁሉ የሚበልጠውንና የሚወዱትን «ዕቅበተ ልቡና»፣ ይኸውም ልብን መጠበቅ፣ ብለው ሰይመውት ነበር። «ውኃ ስትጠጡ ውኃውን ጠጡ እንጂ ሐሳባችሁን አትጠጡ፤ ስትሄዱ እግራችሁ ምድርን መርገጡን እወቁ፤ ሰው ሲያነጋግራችሁ አትቸኩሉ፣ ሦስት ጊዜ ተንፍሱ፣ እስትንፋሳችሁንም ቁጠሩ፣ ከዚያ በኋላ መልሱ» እያሉ ደቀ መዛሙርታቸውን ይመክሩ ነበር። ይህች የሦስት እስትንፋስ ሥርዓት ከደብር ወደ ደብር ተሰምታ፣ ባላባቱ ከቁጣው፣ ዳኛው ከችኮላው፣ ነገረኛው ከምላሱ ዐርፎባታል፤ እውነት ለመናገር ያልተጠቀመባት ሰው ጥቂት ነው። ምንም ያልጠቀመቻት አንዲት ሴት ብትኖር የሊቁ ሚስት ወይዘሮ ትርንጎ ነበረች።

ትርንጎ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነገሯን ተናግራ፣ ባሏ ሦስት ጊዜ እስኪተነፍሱ በትዕግሥት ቆማ የጠበቀች፣ «ጨው አልቋል» ስትል «እግዚአብሔር ይመስገን» ተብላ የተመለሰች፣ በዚህም ስቃ ያለፈች ደግ ሴት ነበረች። በሠላሳኛው ዓመት የደረት ሕመም አልጋ ላይ ጣላት፤ ሞቷንም ባወቀች ጊዜ አንድ ሥጋት ብቻ ያስጨንቃት ጀመር። በዚያ አገር ሰው ለጎረቤቱ በዓለም ስሙ፣ ለፈጣሪው ግን በስመ ክርስትናው ይጠራልና፣ የፍትሐቱ ጸሎትም በዚህ ስም ካልሆነ አይደርስምና፣ የእርሷን ስም ያውቁ የነበሩት ወላጆቿ በሩቅ አገር ዐፈር ለብሰው፣ የንስሐ አባቷም ባለፈው ክረምት ዐርፈው፣ ስሟ የሚጠራበት አፍ አልነበራትም። ጎረቤቷ መነኩሲት እማሆይ አስካለ አጥሚት ይዘው እግርጌዋ በተቀመጡበት በአንድ ረፋድ፣ ባሏን አስጠርታ እንዲህ አለቻቸው፦

«የኔታ፣ ሰው ትርንጎ ብሎ ይቀብረኛል፤ አምላኬ ግን በዚህ ስም አልተቀበለኝም። በሠርጋችን ቀን ስመ ክርስትናዬን ሰምተውት ነበር፤ ዛሬም እነግርዎታለሁ። በፍትሐቴ ቀን ሳልጠራ እንዳልቀር አደራ።» ይህን ብላ ስሟን ተናገረች።

መምህሩ እንደ ሥርዓታቸው ዓይናቸውን ከደኑ፣ ተነፈሱም። አየሩ ቀዝቅዞ በአፍንጫቸው ሲገባና ሞቆ ሲወጣ በጥንቃቄ አስተዋሉ፤ በሚስታቸው የሞት አልጋ ፊት እንኳ ልባቸው አለመናወጡን አይተው በስውር ደስ አላቸው፤ ሦስተኛውንም ፈጽመው ዓይናቸውን ሲገልጡ «እሺ» አሏት። እሺ ይበልጣል ከሺህ በሚባልበት አገር ተወልዳ ያደገች ናትና አመነቻቸው። በሦስተኛው ቀን ዐረፈች።

በቀብሯ ቀን፣ አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በቆመ ጊዜ፣ ቄሰ ገበዙ መጽሐፋቸውን ዘርግተው፣ «መምህር፣ ስመ ክርስትናዋን ማን ልበል?» ብለው ጠየቁ። ሊቁ ወደ ልባቸው ገብተው ፈለጉ፤ የደረቀውን ከንፈሯን አገኙ፣ የአጥሚቱን ሽታ አገኙ፣ ሦስቱን እስትንፋሶቻቸውን አንዱም ሳይጎድል አገኙ፤ ስሙ ግን አልነበረም። መቶ ደቀ መዛሙርት ዓይን ዓይናቸውን ያዩ ነበር። «አላውቅም» ቢሉ እማሆይ አስካለ ከኋላ ከሴቶቹ መካከል ነበሩና ነገሩ በአንዲት ቃል ይቃና ነበር፤ እርሳቸው ግን ፈጥነው፣ በሕይወታቸው ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይተነፍሱ፣ «ወለተ ማርያም» አሉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ፍትሐቱ ለወለተ ማርያም ተፈታ፣ ዕጣኑም ለወለተ ማርያም ታጠነ፣ ትርንጎ ግን ዝም ተብላ ወደ ጉድጓድ ወረደች።

በሣልስቷ እማሆይ አስካለ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡና፣ ደቀ መዛሙርቱ በተሰበሰቡበት፣ «የኔታ፣ እግርጌዋ ነበርኩ። የነገረችዎ ስም ይህ አልነበረም። ልንገርዎና ለአርባዋ እንኳ በስሟ ትጠራ» አሉ።

መምህሩ ሦስት ጊዜ ተነፈሱ። ያን ጊዜ፣ እመሰክርባቸዋለሁ፣ በእውነት አስተውለው ነበር፤ በሕሊናቸው የሟች ሚስታቸውን ፊት አዩ፣ የተማሪዎቻቸውንም ፊት አዩ፣ ሁለቱንም መዘኑ። «እማሆይ፣ ኀዘን ጆሮን ያሳስታል። የሚስቴን ስም እኔ አውቀዋለሁ» አሉ።

«እንግዲያውስ እዚሁ ይጥሩትና ልስማው፤ እኔም አርፋለሁ።»

መምህሩ ወደ ደቀ መዛሙርቱ ዞረው ትምህርታቸውን ቀጠሉ። መነኩሲቷ ከዚያ ወጥተው ወደ ቄሰ ገበዙ ሄዱ፤ ቄሰ ገበዙም፣ «የሊቅን ቃል በአሮጊት ጆሮ አልለውጥም» ብለው ሸኟቸው።

በአርባኛው ቀን ተዝካሩ በሰፊው ተደገሰ፣ የወለተ ማርያምም ስም ከፍ ባለ ዜማ ተነሣ። በማግሥቱ መምህር አጽቁ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሰው በሚሞት ወዳጁ አጠገብ ልቡን እንዴት ሰብስቦ መቀመጥ እንደሚገባው አስተማሩ፤ ትምህርቱም እስከዚያ ቀን ካስተማሩት ሁሉ የበለጠ ነበር፣ የሰሙትም አለቀሱ። የሴቲቱን ስም እዚህ ላይ ጽፌ ቢያንስ በአንባቢ አፍ አንድ ጊዜ እንድትጠራ በወደድኩ ነበር፤ ነገር ግን እማሆይ አስካለ በዚያው ዓመት ዐረፉ፣ ከመቶው ደቀ መዛሙርትም አንዱ ስንኳ ስሙን አልጠየቃቸውም። የሚናገረውን ሰው ትቶ የገዛ ጸጥታውን የሚያዳምጥ ልብ፣ ነቅቻለሁ ባለ ቁጥር እንቅልፉ ይጠናበታል።